ያልሄድኩባት ፔሩ

እዚህ በስደት አገር፣ የእኛ ሰው በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና፣ ስለ ፔሩ ምክር የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እኔ ነው የሚልኩት። «ጋሼ ኪዳነማርያምን ጠይቃቸው፤ ሁለት ሳምንት ከርመውባታል» ይሉታል። የቧንቧ ውሃ ይጠጣል ወይ? አይጠጣም፤ ጥርስህን እንኳን በታሸገ ውሃ ነው የምትቦርሸው። ታክሲው ሜትር አለው ወይ? የለውም፤ ዋጋውን ሳትጨርስ በሩን እንዳትከፍት። ኩይ የሚባል ምግብ ቢያቀርቡልኝስ? መጀመሪያ ፎቶውን አሳዩኝ በላቸው፤ ጅራት የሌላት አይጥ የምትመስል ነገር ናት፤ የእኛ ሰው አንዴ ካያት ሹካ አያነሳም። ይህን ሁሉ ሳላቅማማ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገርኩም። ፔሩ ሄጄ አላውቅም።

ትራንዚት እንኳን አላረፍኩባትም። ከዚህ ወደ ደቡብ ርቄ የሄድኩት ሁለት ሰዓት በመኪና እስከ ሳንዲያጎ ነው፤ እሱም ለክርስትና ተጠርቼ።

ለከተማው ሠላሳ አንድ ዓመት የትራፊክ መብራት መሐንዲስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ማን ቆሞ ማን እንደሚያልፍ ስትወስን ስትኖር፣ ጥያቄን ያለ መልስ መመለስ ነውር ይመስልሃል። አላውቅም ማለት አልችልበትም። ይህ ጠባዬ ነው፤ ጉዴን ያመጣው ግን ሌላ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጓደኛዬ ኅሩይና ባለቤቱ ፀሐይወርቅ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ተጣሉ። እሷ ልብሷን ሰብስባ ኢንግልዉድ ወንድሟ ቤት ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፀሐይወርቅ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን በሆነችበት ቀን ኅሩይ «ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ» ብሏት ዳላስ የኳስ ውድድር ሊያይ ሄደ። ሐኪም ቤት ብቻዋን ገባች፣ ብቻዋን ወጣች። ከሳምንት በኋላ ፎቶውን የሆነ ሰው ስልክ ላይ አየችው፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻርፕ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ እየጮኸ። አጠገቡ አፉን ከፍቶ የሚጮኸው እኔ ነኝ።

ኅሩይ እንግዲህ ሽማግሌ ይግባ አለ። በእሷ በኩል ሁለት፣ በእሱ በኩል ሁለት። ከእሱ በኩል ዋናው ኪዳነማርያም ነው ተባለ። ስልክ ሲደውልልኝ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ሚራክል ማይል ላይ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እንዳትቀር፤ ያለ አንተ አይሆንም» አለኝ። ጨነቀኝ። እዚያ ብቀመጥ ጥፋተኛው ጓደኛዬ ነው ማለቴ ነው፤ እውነቱ እሱ ነዋ። ካልኩት ደግሞ የአርባ ዓመት ወዳጄን በሰው ፊት ላዋርደው ነው፤ የራሴንም ሻርፕ ላወጣ ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ አንድ አውቶቡስ ፊቴ ቆመ። ጎኑ ላይ በበግና በግመል መካከል ያለ እንስሳ ተራራ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። ከሥሩ በትልቁ «ፔሩ» ይላል።

«ቅዳሜማ ፔሩ ነኝ» አልኩት።

«የት?»

«ፔሩ። ትኬት ቆርጬአለሁ። ሁለት ሳምንት።»

እንዲህ ሆነና ፓልምስ ሰፈር የእህቴ ልጅ ሶሊያና አፓርታማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተደበቅሁ። ሶሊያና ያኔ የነርስ ትምህርቷን እየጨረሰች ነበር። ሶፋዋ ላይ ተኝቼ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣችልኝን የፔሩ መንገደኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፤ ስለ ጤና የሚለውን ክፍል ብቻ ዘለልኩት። ከመመለሴ በፊት ዳውንታውን ሄጄ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያ ገዛሁ። ሽምግልናው በሦስት ሽማግሌ ተካሄደ፤ ከእሱ በኩል የቀረው አንዱ ሽማግሌም ጆሮው የማይሰማ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈረሰ። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ፊርማ፣ አለቀ።

ኮፍያዬን አድርጌ ፌርፋክስ ብቅ ስል ሰው ሁሉ ስለ ፔሩ ጠየቀኝ። መለስኩ። ስመልስ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ! ሰው ሲያዳምጥህ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። አንድ ቀን ፅጌ ምግብ ቤት ተሰብስበን ሳለ አንዱ፣ «ከፍታው ይጥላል ይባላል፤ ኩስኮ ከተማ እኮ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሜትር ናት» አለኝ። ስላላነበብኩት ክፍል መጠየቄ ነው። ቀና አልኩና፣ «እሱ ለፈረንጅ የተጻፈ ነው! እኛ ደጋ ተወልደን፣ ደጋ ሮጠን ያደግን ሰዎች ከፍታ ምን ያደርገናል? እንዲያውም እዚያ ስደርስ ነው ሳንባዬ የተከፈተው» አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፅጌ ሳትቀር ከኩሽና ወጥታ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ ይህችን ንግግር በየአጋጣሚው እደግማታለሁ፤ አንድም ቀን ሳይጨበጨብልኝ ቀርቶ አያውቅም።

ደግሞ የተመከሩት ደህና ገብተው ይመጣሉ። ጳውሎስ፣ ያ ጴንጤው ሹፌር፣ ከሚስቱ ጋር ለጋብቻቸው ሃያኛ ዓመት ሊማ ሄደው ሲመለሱ አንገቴን አቅፎ ባረከኝ። ሊማ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ የሚባል ነገር የላትም። ሁለት ትልልቅ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ ብያቸው ነበር። ዝናብ የሚባል ነገር እንደሌለ ያወቁት እዚያ ደርሰው ነው። ጳውሎስ ግን በእኔ አልፈረደም። «በዚያ ሳምንት ጌታ ዝናቡን ያዘልን» አለ።

እንዲህ ስኖር ባለፈው ወር ኅሩይ ፅጌ ቤት ምሳ ላይ ጎርደድ ብሎ ገባና ጠረጴዛው ላይ ማስታወሻ ደብተር አኖረ። ኅሩይ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ስለሆነ የሰማውን ሁሉ ቁጥር እየሰጠ ይጽፋል። ከፍቺው በኋላ ዌስት አዳምስ እዚያው ቤቱ ብቻውን ይኖራል። ባለፈው ዓመት ደረቱን ውግት አደረገውና የልቡ ደም ሥር እንዳይዘጋ ስቴንት የሚሉትን ትንሽ ቱቦ ሁለት አስገቡለት።

«ሶ» አለ፤ «ፔሩ ልሄድ ነው።»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩ። «ምን ልትሠራ?»

«ዘጠኝ ዓመት ስትነግረኝ! ሳልሞት ልያት እንጂ። ፕላኑ እንዲህ ነው፤ ሐሙስ ማታ ከዚህ እነሳለሁ። ዓርብ ጠዋት ሊማ። እዚያው አውሮፕላን ቀይሬ ለምሳ ኩስኮ እደርሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተራራ እወጣለሁ።»

«ብቻህን?»

«ከማን ጋር ልሂድ ታዲያ?»

«ሐኪምህስ ምን አለ?»

«ከመሄድህ በፊት ልይህ ብሎ አፖይንትመንት ሰጥቶኝ ነበር፤ ካንሰል አደረግኩት።» ደብተሩን ገለጠ። መነጽሩን አስተካክሎ አነበበልኝ። «ቁጥር ሰባት። የከፍታው ነገር ለፈረንጅ የተጻፈ ነው፤ ደገኛን አይመለከትም።» ከሥሩ ስሜን ጽፎ አስምሮበታል። «አንተ የሄድክበትን አገር ያልሄደ ሐኪም ሊመክረኝ ነው?»

ፅጌ ሰምታ አጨበጨበች። እኔ ሳልጨርስ እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።

በማግስቱ ፓልምስ ሄጄ ለሶሊያና ነገርኳት። አሁን ትልቅ ሐኪም ቤት የልብ ክፍል ነርስ ናት። ሥራ አድራ መምጣቷ ነበር፤ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «አጎቴ፣ ሰው ልትገድል ነው» አለችኝ።

«አታጋኚው፤ ደብረ ብርሃን ነው እኮ የተወለደው።»

«መቼ?»

«መቼ ማለት?»

«መቼ ነው ከደብረ ብርሃን የወጣው? አርባ ምናምን ዓመት እዚህ ከባሕሩ አጠገብ ነው የኖረው። ሰውነቱ ያንን አየር ረስቶታል። ከዚህ ተነስቶ በአንድ ቀን ሦስት ሺህ አራት መቶ ሜትር፣ በነጋታው ተራራ፣ ያውም በሁለት ስቴንት! ሲሪየስሊ! እኛ እንዲህ ያሉ ሰዎችን መጀመሪያ ሐኪምህ ይይህ፣ ከፈቀደልህ ደግሞ ቀስ ብለህ ውጣ ነው የምንላቸው። ኩስኮ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ዝቅ ወዳለው ሸለቆ ወርዶ ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል። ከባድ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይሮጥም። ይሄን ማንኛውም መጽሐፍ ላይ ታገኘዋለህ።»

«እሷን ክፍል ዘለልኳት» አልኩ።

አየችኝ። እንዲያ ዓይታኝ አታውቅም። «እውነቱን ንገረው። ኦኬ? ካልነገርከው እኔ እደውልለታለሁ።»

አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ፤ ምን ልደብቃችሁ። ውሸቴን ሳላወጣ ምክሬን ብቻ ላወጣ ሞከርኩ። ማታውን ደወልኩለትና፣ «ኅሩይ፣ ፔሩ እኮ እንደ ድሮው አይደለም» አልኩት።

«ምኑ ተለወጠ?»

«የከፍታው ነገር… አሁን አሁን ሰው እየጣለ ነው አሉ።»

«ተራራው አደገ?»

«እንደሱ አይደለም። እኔም ያን ጊዜ ትንሽ ራሴን አሞኝ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ።»

«አንተማ የአዲስ አበባ ልጅ ነህ» አለ፤ ሲኮራ በስልክ ይታወቃል። «እኔ የደብረ ብርሃን ነኝ። ካንተ በአራት መቶ ሜትር እበልጣለሁ።» እየሳቀ ዘጋው።

በታክሲው አስፈራራሁት፤ ታክሲ አልፈልግም፣ በእግሬ ነው የምሄደው አለኝ። ጭራሽ ባሰ። በኩይ አስፈራራሁት፤ ወቅቱ የጾም ነው፣ አትክልት እበላለሁ አለ። በውሃው አስፈራራሁት፤ ቁጥር አንድ ላይ ጽፌዋለሁ አለኝ። የሰጠሁትን ምክር ሁሉ እንደዚህ የሚያከብር ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኮራ ነበር።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ፅጌ የሽኝት ምሳ አዘጋጀችለት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሞልቶ ቀርቧል። ጳውሎስ ለጸሎት ቆሟል፤ «ተራራውን ሜዳ አድርግለት» እያለ ነው። ኅሩይ አዲስ የተራራ ጫማውን አድርጎ መጥቷል። ጫማው ሲያብረቀርቅ ሳየው አልቻልኩም። ይህ ሰው ነገ ማታ ተነስቶ በእኔ ጭብጨባ የተነሳ ሊሞት ነው አልኩ በልቤ። አሜን ከተባለ በኋላ ተነሳሁ።

«ፔሩ ሄጄ አላውቅም» አልኩ።

ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ፅጌ፣ «ጋሼ ደግሞ! ቁጭ ይበሉ፣ ምስሩ ይቀዘቅዛል» አለች።

«የምሬን ነው። አልሄድኩም።»

«እንዴ ጋሼ» አለ ጳውሎስ፤ «ጃንጥላ ያዙ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ሊማ ዝናብ የላትም እኮ! በሁለት ጃንጥላ አንከራተትኳችሁ!»

«ይኸውላችሁ!» አለ ጳውሎስ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ያልሄደ ሰው ሊማ ዝናብ እንደሌላት በምን ያውቃል?»

«ኮፍያውስ?» አለች ፅጌ።

«ዳውንታውን ነው የገዛሁት።»

ጭራሽ ሳቃቸው ጨመረ። ዘጠኝ ዓመት ስዋሽ ያመኑኝ ሰዎች አንዷን እውነት አላምን አሉኝ። ኅሩይ ራሱ ዕንባውን እየጠረገ፣ «እንዳላስቸግረው ፈርቶ ነው። አይዞህ፣ ከዚያ ሆኜ አልደውልልህም» አለ።

ይህን ፈርቼ ፓስፖርቴን በኪሴ ይዤ ነበር የመጣሁት። አውጥቼ ፊቱ አኖርኩለት። የወጣበትን ቀን አሳየሁት፤ ከዚያች ከተረገመች ቅዳሜ ዓመት በፊት ነው። ኅሩይ የላቦራቶሪ ሰው ነው አላልኳችሁም? መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ገለጠ፣ ወደ ብርሃን አነሳ፣ የተጣበቁትን በጥፍሩ ለያየ። የቦሌ አንድ ማኅተም አለ። ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

ሳቁ እየቀነሰ መጣና ቆመ።

«ልብህ ታሟል፤ ያ ከፍታ ይጥልሃል» አልኩት። «ቁጥር ሰባት ውሸት ነው። ለጭብጨባ ያልኩት ነው። እባክህ ሐኪምህ ሳያይህ እንዳትሄድ።»

ስለ ልቡ የሰማኝ አልመሰለኝም። ፓስፖርቱን ዘጋውና፣ «ታዲያ ያኔ የት ነበርክ?» አለኝ።

«ፓልምስ። ሶሊያና ቤት።»

«ታመህ?»

«ደህና ነበርኩ።»

«ታዲያ?»

ሁሉም እያዩኝ ነው። የፅጌ እጅ ጭልፋ እንደያዘ ቀርቷል። «ሽማግሌ ሆኜ እንዳልቀመጥ ነው የተደበቅሁት» አልኩት። «ብቀመጥ ጥፋተኛው አንተ ነህ ማለቴ ነበር። እኔም ዳላስ አብሬህ ነበርኩ። አፈርኩ። ፈራሁህ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነስቶ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የአዲሱን ጫማ ክር ጎንበስ ብሎ አላላው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ያኔ ለምን ያለ አንተ አይሆንም ያልኩህ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ጓደኛህ ስለሆንኩ ነዋ።»

«ጓደኛማ ሞልቶኝ ነበር። ዳላስ ስለነበርክ ነው። እሷ አጥፍተሃል ስትለኝ አልሰማት አልኩ፤ እልህ ይዞኛል። ወንድሟ ሲለኝ የእሷ ወገን ነው አልኩ። አንተ ብትለኝ ግን ምን እል ነበር? እንዲህ በለኝ ብዬ ነው የጠራሁህ። በአንተ አፍ ተፈርዶብኝ ይቅርታ ልላት ነበር። አስቤ ነው የመጣሁት፤ ልብሴን አስተኩሼ።» የሌላውን እግር ጫማ ክርም አላላ። «ፔሩ ነው አልክ። ያ ደንቆሮ ሽማግሌ ስለ አየር ጠባይ ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ።»

ፓስፖርቴን አንስቼ ኪሴ መለስኩ። ጓደኛዬን ከውርደት ያዳንኩት መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን እንዳስቀመጥኩት አወቅሁ።

«ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አለ ኅሩይ። «ድራይቭ የምታደርገው አንተ ነህ። ትኬቱን ፅጌ ትደውልና ታስተላልፍልኛለች፤ እንግሊዝኛዋ ስትቆጣ ያምራል። ፔሩ የምሄደው ሐኪሜ ሂድ ካለኝ ብቻ ነው፤ እንደ ሶሊያናም አባባል በዝግታ።»

«ሶሊያና መቼ ነገረችህ?»

«ትናንት ደውላልኝ ነበር። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ እንድጠብቅ ለመነችኝ። ጠበቅኩ። ከፍታውን እንደሆነ ትናንት ሰምቼዋለሁ። የቀረውን ግን ነገ አጎቴን ይጠይቁት ብላ እምቢ አለች።» ስልኩን አወጣና ስም ፈለገ። «አሁን ቁጭ በልና ሽምግልናህን ጨርስ።»

«እንዴት?»

ደወለ። ሁለት ጊዜ ጠራ። ድምፁን ከፍቶ ስልኩን በምስሩና በጎመኑ መካከል አኖረው። ጳውሎስ ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚጸልይ ይመስለኛል።

«ሄሎ?» አለች ፀሐይወርቅ። ድምፅዋ አልተለወጠም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳያት በሌላ በር እወጣ ነበር።

«ፀሐይወርቅ፣ ኪዳነማርያም ነኝ» አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዳላስ የሄድን ጊዜ… ኅሩይ አጥፍቷል። እኔም አጥፍቻለሁ። ያኔ መጥቼ ይህን ማለት ነበረብኝ።»

ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

«ኪዳኔ» አለች፤ «ከፔሩ ተመለስክ እንዴ?»

ኅሩይን አየሁት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ስልኩን ብቻ ያያል።

«አዎ» አልኳት፤ «አሁን ገና መግባቴ ነው።»